«የዕድሜ ልክ ዋስትና» ለሚባል ራም ተጨማሪ ብር አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው ራም (ኮምፒውተሩ የሚሰራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ) ለመግዛት ላሰባችሁ ነው። በተለይ ቴሌግራም ላይ «ከአሜሪካ የመጣ፣ ኦሪጅናል፣ የዕድሜ ልክ ዋስትና ያለው» ተብሎ ለሚሸጠው። ዋስትናው የፈጠራ ነው እያልኩ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ታትሟል። አምራቹም ድረ ገጹ ላይ ጽፎታል። ችግሩ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከነጋዴ ለገዛ ሰው አለመስራቱ ነው። ነጋዴው ግን በዚያች ቃል ዋጋ ይጨምርባታል። የማይደርሳችሁን ነገር ነው የሚሸጥላችሁ።

እኔ የገዛሁት ዲዲአር 4 የሚባለውን ዓይነት፣ ባለ 16 ጊጋ ሁለት ራም ነው፤ በአንድ ካርቶን የታሸገ ጥንድ። የህትመት ዲዛይን ስለምሰራ ኮምፒውተሬ ትልልቅ ፋይል ይከፍታል። ያው መጠን ያለው ራም ሌላ ሱቅ በረከሰ ዋጋ ነበር። ሻጩ ልዩነቱን ሲያስረዳኝ «ይሄ ቢበላሽ ካምፓኒው በአዲስ ይቀይርልሃል፣ ዕድሜ ልክህን» አለኝ።

ለተወሰኑ ወራት በደንብ ሰራ። ከዚያ ስራ መሃል ስክሪኑ ሰማያዊ እየሆነ ኮምፒውተሩ በራሱ መጥፋትና መነሳት ጀመረ። ዚፕ የሆነ ፋይል ስፈታ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ያንኑ ፋይል ደግሜ ስፈታው ደግሞ ያለ ችግር ይከፈታል። ይህችን ምልክት ልብ በሏት። ዲስክ ላይ የተበላሸ ፋይል ብዙውን ጊዜ ደጋግማችሁ ብትሞክሩም እንደተበላሸ ነው። አንዴ እየሰራ አንዴ እምቢ ካለ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ራሙ ነው። ሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚጻፈው ስህተት በየጊዜው መለያየቱም እንዲሁ ያስጠረጥራል።

ጠጋኝ ጋር ስትወስዱት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት የመጀመሪያ መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። እባካችሁ ራሙ ሳይመረመር አታስደርጉ። አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን ፋይሎቹ የሚያልፉት በዚያው በታመመው ራም ነው። መጫኑ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ አለዚያም ከመጀመሪያው ቀን የተበላሸ ዊንዶውስ ይዛችሁ ወደ ቤት ትገባላችሁ። ዶክመንታችሁም በከንቱ ይጠፋል። ደህናውን ሃርድ ዲስክ አስቀይረው ችግሩ አብሯቸው የቀረ ሰዎችም አውቃለሁ።

ምርመራውን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ዊንዶውስ የራሱ የራም መመርመሪያ አለው። ቶሎ ያልቃል፤ ግን ቀላል ብልሽት ያመልጠዋል። «ምንም ችግር የለም» ቢላችሁ አትመኑት። ሜምቴስት86 የሚባለው ይሻላል። በነጻ ይወርዳል፣ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩም በዚያ ፍላሽ ይነሳል። ዊንዶውስ ስለማይነሳ ራሙን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይፈትሻል። 32 ጊጋ ሲሆን ሰዓታት ይወስዳል፣ ስለዚህ ማታ ከፍቶ መተኛት ነው። መብራት ከሄደ ግን ከዜሮ ይጀምራል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ያለው ዘመድ ካላችሁ እሱ ጋር ውሰዱት።

ከመጀመራችሁ በፊት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን፣ ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ቅንብር፣ አጥፉት። ካርቶኑ ላይ 3600 የሚል ራም ያን ፍጥነት የሚያገኘው ኤክስኤምፒ ሲበራ ነው። ያለዚያ በዝቅተኛው የፋብሪካ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በ2133 ወይም በ2400 ይሰራል። ቮልቴጁም እንዲሁ ነው፤ የዲዲአር 4 መደበኛው 1.2 ሲሆን ኤክስኤምፒ ሲበራ ብዙ ጊዜ 1.35 ይደርሳል። ስህተቱ ኤክስኤምፒ ሲበራ ብቻ ከመጣ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ (ራሙ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ወይም የፕሮሰሰሩ ሊሆን ይችላል። ጠፍቶም ከመጣ ግን ጥርጣሬው ወደ ራሙ ያጋድላል። አምራቹም የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ አንዱን ነቅላችሁ ሌላውን ብቻውን ፈትሹ፤ ሁለቱንም በአንድ ስሎት (ራሙ የሚሰካበት ቀዳዳ) ላይ፣ በተራ። ስህተት ያሳየውን ደግሞ ወደ ሌላ ስሎት አዙሩት። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። ስሎቱ ላይ ከቀረ የማዘርቦርዱ ነው። አንድ ስህተትም ቢሆን ስህተት ነው። «ትንሽ ነው፣ ይሰራል» የሚላችሁን አትስሙ። የእኔ አንደኛው በየትኛውም ስሎት ቀይ በቀይ ሆነ፤ ሁለተኛው ንጹህ ነበር። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አነሳሁ፣ ራሙ ላይ የተለጠፈውን ሲሪያል ቁጥርም እንዲሁ። እናንተም ስቲከሩን እንዳትልጡት። ስቲከር የሌለውን አምራቾች አይቀበሉም።

ለሻጩ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ዋስትናው የካምፓኒው ነው እንጂ የእኔ አይደለም። እነሱን አናግራቸው» አለኝ። አናገርኳቸው። ቶሎ መለሱ፣ በትህትናም ነው የመለሱት። የጠየቁት ሲሪያል ቁጥር፣ የምርመራውን ፎቶ እና የግዢ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ እነሱ ከሚያውቁት ሱቅ የተቆረጠ መሆን አለበት። ዋስትናው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ ለሁለተኛ ሰው አይተላለፍም። ጥንድ ሆኖ የተሸጠ በመሆኑ የተበላሸውን ብቻ ሳይሆን ደህናውንም አብሬ መላክ አለብኝ። የመላኪያው ወጪ የእኔ ነው። ምትኩ ደግሞ የሚላከው ራሙ ወደተገዛበት አገር ነው።

አሁን ይህን እኛ አገር አምጥታችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ገዢ አሜሪካ ያለ የማላውቀው ሰው ነው። ደረሰኙ እሱ ጋር ነው፤ ካልጣለው። ሻጩ የቆረጠልኝ ወረቀት ለአምራቹ ምኑም አይደለም። ተሳክቶ ቢሆን እንኳ ሁለቱንም ራም በፈጣን ፖስታ መላክ፣ ያለ ኮምፒውተር መጠበቅ፣ ምትኩን የሚቀበልልኝ ሰው እዚያ መፈለግ፣ ከዚያ ወደዚህ የሚያመጣልኝ መንገደኛ መለመን አለ። በፖስታ ይምጣ ከተባለ ጉምሩክ ዋጋውን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ወጪ ሲደመር ዋስትና መባሉ ይቀራል።

«ዕድሜ ልክ» የሚለውም የእናንተ ዕድሜ እንዳይመስላችሁ። ውሉን ስታነቡት የመጀመሪያው ገዢ ዕቃውን ይዞ እስከቆየ ድረስ ማለት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጀርመን ውስጥ ያው ዋስትና 10 ዓመት ተብሎ የተገደበበት አምራችም አለ።

ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ጨምሯል። አምራቾቹ አቅማቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰርቨሮች ወደሚሆነው ራም እያዞሩ ነው። የአሜሪካው ራም አምራች ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለተጠቃሚ ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚያቆም ያሳወቀው በዲሴምበር 2025 ነው፤ የተሸጡትን ዕቃዎች ዋስትና ማክበሩን ግን እንደሚቀጥል ተናግሯል። ይህን የማነሳው ነጋዴዎቹ «ነገ ይጨምራል፣ ዛሬ ውሰድ» እያሉ ስለሚያጣድፉ ነው። ጭማሪው እውነት ነው። ግን ተጣድፎ የተገዛ ራም የሚመረመረው ዘግይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

እዚህ የምትገዙ ከሆነ አድራሻ ካለው ሱቅ ግዙ። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፣ ልመና አታድርጉት። ደረሰኙ ላይ የሁለቱም ራም ሲሪያል ቁጥር ይጻፍ። ከስሩ «ብልሽት ቢገኝበት ሱቁ ራሱ ይቀይራል» የሚል እስከ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጨምሮ ይጻፍና ይፈረም። እዚሁ ከተማ ያለ ሱቅ የሚሰጠው የ3 ወር ዋስትና ካርቶን ላይ ከታተመው ዕድሜ ልክ ይበልጣል። ሻጩ «ዋስትናው የካምፓኒው ነው» ካለ ዋጋውን ዋስትና እንደሌለው ዕቃ ተደራደሩ። ራሙን ቤት ወስዳችሁ ያንኑ ማታ ሜምቴስት አስጀምሩት። ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ አምራቹንና የሞዴል ቁጥሩን አይታችሁ ስቲከሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ በማግስቱ መልሱት።

ውጭ ያለ ዘመድ የሚገዛላችሁ ከሆነ ነገሩ ይሻላል፤ ግን ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት። ዋሽንግተንም ይሁን ፍራንክፈርት፣ ከታወቀ ሱቅ በራሱ ስም ይግዛ። ደረሰኙን በኢሜይል ይቀበል፤ ወረቀት ከሆነም ፎቶ ያንሳው፣ የሱቅ ወረቀት በጥቂት ወራት ውስጥ ጽሑፉ ይጠፋል። ከቻለ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይፈትሸው። የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ የተገኘ ብልሽት ሱቁ ላይ ያልቃል፤ አምራቹ ድረስ አያስኬድም። ከዱባይ የምታስመጡም ቡር ዱባይ ያሉ የኮምፒውተር ሱቆች የሚሰጡትን ዋስትና ጠይቁ፤ ዕቃውን ሱቁ ድረስ ይዞ መምጣት የሚጠይቅ ከሆነ በየጊዜው የሚመላለስ ሰው ከሌላችሁ አይጠቅማችሁም። ብልሽቱ በኋላ ከመጣ ጥያቄውን ለአምራቹ የሚያቀርበው የገዛው ዘመዳችሁ ነው፣ በራሱ ስምና አድራሻ። እናንተ የምርመራውን ፎቶ ትልኩለታላችሁ፤ ሁለቱንም ራም ደግሞ ወደዚያ በሚሄድ ሰው።