የሰዓት ድንጋይ ያለው ማይክ ወይስ ያለ ድንጋይ የሚሠራው?

ሠርግ የሚቀዱ፣ መንዙማ የሚቀዱ፣ ሽማግሌ የሚያናግሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው፦ «ለሪከርደሬ የትኛውን የደረት ማይክ ልግዛ?» ድንጋይ የማይፈልገውን ግዙ።

እነዚህ የጣት ጫፍ የማያክሉ ማይኮች ውስጣቸው ትንሽዬ ማጉያ አለች። ያለ ኤሌክትሪክ አትሠራም። ኃይሉን ወይ ማይኩ ላይ ካለው ድንጋይ ታገኛለች፣ ወይ ሪከርደሩ በዚያው በድምፅ ገመዱ ይልክላታል። ይሄ ሁለተኛው ፕላግ ኢን ፓወር ይባላል። ዙም ኤች 1 ኤን የሚባለው ሪከርደር ለምሳሌ 2.5 ቮልት ይሰጣል። ማይኩ የሚወስደው ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ የሪከርደሩን ባትሪ ይህን ያህል አይጎዳም።

አሁን ወደ ዋጋው። ደሴ ላይ ባለ ድንጋዩን 1,800 ብር፣ ያለ ድንጋይ የሚሠራውን 2,300 ብር ብለውኛል። የ500 ብር ልዩነት ብዙ ሰው ያታልላል። ግን አሥር ድንጋይ የተለጠፈበት አንድ ወረቀት ኮምቦልቻ ላይ 250 ብር ነው የተጠየቅኩት። ሁለት ወረቀት ስትገዙ ልዩነቱ አለቀ።

ድንጋዩ ኤል አር 44 ነው፤ ኤ ጂ 13 የሚባለውም መጠኑ ያው ነው። ደህናው በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ይሠራል። መከራው ደህናውን ማግኘት ላይ ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመው ከወረቀቱ ሳይላቀቅ ግማሹ ሞቷል። ቮልት መለኪያ ካለው ሱቅ ግዙ። አዲስ ድንጋይ 1.5 አካባቢ ያሳያል፤ 1.3 ካነበበ መልሱት። ኤስ አር 44 የሚባለው የብር ኦክሳይድ ድንጋይ ቮልቱ እስኪያልቅ ስለማይወርድ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ማብሪያውን ሳያጠፉ ማሳደርም አለ። ድንጋዩ ውስጡ ከከረመ ደግሞ ይፈስሳል። የአንድ ጓደኛዬን ማይክ ስከፍት ስፕሪንጉ ላይ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ጋግሮበት ነበር። በጥጥና በሎሚ ጠረግኩት፣ ትንሽ ሠራ፣ ከዚያ ስፕሪንጉ ተቆረጠ። ጠጋኙ ለብየዳ የጠየቀው ብር የማይኩን ሲሶ ነው።

ፎርጅዱን ተጠንቀቁ። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም አለ፤ ገመዱን ስትልጡት ግን ፀጉር የሚያክሉ ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ዙሪያውን የሚሸፍነው የሽቦ መረብ የለም። አጠገቡ ስልክ ሲጠራ ዝዝዝ የሚለው ለዚህ ነው።

ፋንተም የሚባለው ባለ 48 ቮልት ኃይል ለትልልቅ የስቱዲዮ ማይክ ነው። በርካሽ ማገናኛ የደረት ማይክ ከሰካችሁበት ማይኩን ሊያቃጥለው ይችላል። ተዉት።

እኔ የምመርጠውም የሚሸነፍበት ቦታ አለ፦ ድቤ። መንዙማው ሞቆ ድቤውና ጭብጨባው ሲያይል 2.5 ቮልት አይበቃም። ድምፁ የሚበላሸው እዚያው ማይኩ ውስጥ ስለሆነ የሪከርደሩን የመቅጃ ድምፅ መጠን ብትቀንሱም አይስተካከልም። ለዚህ ባለ 9 ቮልት የባትሪ ሳጥን ያስፈልጋል። ተሠርቶ የሚመጣው ውድ ነው። ግን ለአንድ ማይክ አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ናቸው፤ ራዲዮ የሚጠግን ሰው ከአሮጌ ራዲዮ ነቅሎ ይበይድላችኋል። ካፓሲተሩን እንዳይተወው ንገሩት፤ 9 ቮልቱ ሪከርደሩ ውስጥ እንዳይገባ የሚያግደው እሱ ነው። ማይኩም 9 ቮልት የሚችል መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። ለወሬና ለቃለ መጠይቅ ግን ሳጥን አያስፈልግም።

ሱቅ ስትሄዱ ሪከርደራችሁንና የጆሮ ማዳመጫ ያዙ። መሰኪያው ላይ ጥቁር ቀለበቱ ሁለት መሆን አለበት፤ ሦስት ከሆነ ለስልክ የተሠራ ነው። ፕላግ ኢን ፓወሩ ሜኑ ውስጥ መከፈቱን እዩ፤ ስለጠፋ ብቻ «ማይኩ ሞተ» ብሎ የጣለ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ገመዱን መሰኪያው ሥር እያጎበጣችሁ አዳምጡ። ከተንኳኳ ወይ ከተቆራረጠ ሌላ አስወጡ።