«60 ሊኑክስ በአንድ ፍላሽ» የሚባለውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በአንዳንድ የኮምፒውተር ሱቆች አንድ ፍላሽ እየዞረ ነው። «60 ሊኑክስ በአንድ ፍላሽ፣ ከነላይሰንሱ፣ የዕድሜ ልክ» ይላል ማስታወቂያው። የሚጠራው ዋጋ ከ2,500 ብር ይነሳና እስከ 4,000 ብር ይደርሳል። ቤት ባለው ኮምፒውተራችሁ ሊኑክስን፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሥርዓት፣ ለመሞከር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ፍላሽ አትግዙ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ገበያው አሁን የደራበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች አይቀበልም። ከዱባይና ከአሜሪካ አገልግለው የሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ጀነሬሽን ናቸው። ማሽኑ ደህና ነው፣ ገና ዓመታት ይሠራል፤ ዊንዶውስ 11 ግን አልቀበልም ይለዋል። ሰው ፊቱን ወደ ሊኑክስ ማዞሩ ልክ ነው። እኔም የምሠራው በሊኑክስ ነው፤ ነገሩ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። አንድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሊኑክስ በተበላሸ ፍላሽ ላይ ያለው ከሆነ፣ «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ ይተወዋል። ገንዘቡም ሄደ፣ ዕድሉም ሄደ።

መጀመሪያ «ከነላይሰንሱ» የሚለውን እንይ። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ሊኑክስ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀዳውና ለሌላ እንዲሰጠው የሚፈቅድ ውል አለው። የሊኑክስ ዓይነቶች የሆኑትን ኡቡንቱን፣ ሚንትን፣ ዴቢያንን፣ ፌዶራን ለመጫን የሚያስፈልግ ቁልፍ የለም። አክቲቬት የሚደረግ ነገር የለም። ክራክም የለውም። ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ እንዲያውም እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን የፖስታ ሒሳብ ሳያስከፍል ለጠየቀው ሁሉ ይልክ ነበር። አንዳንድ ሻጮች ደግሞ «ኡቡንቱ ፕሮ አክቲቬት እናደርጋለን» ብለው ለብቻው ያስከፍላሉ። ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጠው ኡቡንቱ ፕሮ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ኮምፒውተር ድረስ ነጻ ነው። ካኖኒካል ድረ ገጽ ላይ በኢሜይላችሁ መመዝገብ ብቻ ነው።

በገንዘብ የሚሸጥ ሊኑክስ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ዞሪን ኦኤስ የሚባለው «ፕሮ» የሚል የሚከፈልበት ዓይነት አለው፤ ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ በቀጥታ ይገዛል። «ኮር» የሚባለው ግን ነጻ ነው፤ ለቤት ሰው ይበቃዋል። ፍላሹ ላይ ቀድቶ መሸጥም በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ውሉ ይፈቅዳል። ጸበል በጀሪካን ቀድቶ ያመጣላችሁ ሰው የጀሪካኑንና የትራንስፖርቱን ቢጠይቅ ያስኬዳል። የጸበሉን ሒሳብ ከጠየቀ ግን ሌላ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጥፋት የሌለ ላይሰንስ መሸጣቸው ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ ልምጣ። ዋናው ጉዳት ያለው እዚያ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ይህንኑ ፍላሽ 3,500 ብር ገዝታ አመጣችልኝ። ላዩ ላይ 256 ጊጋባይት ይላል። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም 238 ያሳያል፤ ይህ ራሱ ችግር አይደለም፣ እውነተኛ 256 ፍላሽም ዊንዶውስ ላይ የሚታየው እንደዚያ ነው። ከዝርዝሩ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሊኑክሶች ተነሱ። ወደ ታች ስንወርድ ግን አንዱ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል፣ ሌላው ጥቁር ስክሪን ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነጻ መመርመሪያ ፈተሽኩት። እውነተኛ መጠኑ 32 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ ስም ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍላሽ ውስጥ መረጃውን የሚይዝ ቺፕ አለ፣ እሱን የሚያዝ ደግሞ ኮንትሮለር የሚባል ሌላ ትንሽ ቺፕ አለ። አጭበርባሪዎች ኮንትሮለሩን «256 ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ያደርጉታል። ኮምፒውተሩም ያምነዋል። ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ የሚቀዳው ፋይል ወይ ቀድሞ ባለው ላይ ይጻፋል፣ ወይ የትም ሳይደርስ ይጠፋል። ስሙ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ይታያል። መጠኑም ይታያል። ስትከፍቱት ነው ባዶ መሆኑ የሚገባችሁ።

ልጅቷ «ብዙ ቦታ ተርፎታል» ብላ የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ፣ የቃለ መጠይቅ ድምፆቿንና ፎቶዎቿን እዚያው ላይ አስቀምጣለች። ፎልደሩ አለ፣ የፋይሎቹ ስም አለ። አንዱም አይከፈትም። ጽሑፉ ለአማካሪዋ በኢሜይል ስለተላከ ተርፏል፤ ድምፆቹ ግን የሉም። እንዲህ ዓይነት ፍላሽ ላይ የጠፋ ነገር በጥገና አይመለስም፤ ወይ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም፣ ወይ በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታልና። ሻጩ ስልክ አላነሳም።

ፍላሹ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ውስጡ ያለው ያረጀ ነው። እዚህኛው ላይ «አዲሱ ኡቡንቱ» ተብሎ የተቀመጠው 23.10 ነበር። የኡቡንቱ ቁጥር የወጣበትን ዓመትና ወር ነው የሚናገረው። 23.10 ማለት ኦክቶበር 2023 የወጣ ማለት ነው፤ ድጋፉም ጁላይ 2024 ላይ አልቋል። ጭናችሁ አዘምን ስትሉት በቀይ እያከታተለ 404፣ ማለትም «አልተገኘም»፣ ይላችኋል። አዲስ ፕሮግራም አይወርድም፣ የደህንነት ማሻሻያ አይመጣም። ለቤት የሚሆነው እ.ኤ.አ. ለሁለት በሚካፈል ዓመት ኤፕሪል ላይ የሚወጣው ነው፣ እንደ 24.04 ያለው። እሱ ለ5 ዓመት ይደገፋል።

60 የሚለው ቁጥርም አያስጎምጃችሁ። ኩቡንቱ፣ ዙቡንቱ፣ ሉቡንቱ ውስጣቸው ያው ኡቡንቱ ነው፤ የሚለያዩት በዋናነት በመልካቸውና በክብደታቸው ነው። ካሊን «የሀከሮች ሊኑክስ» ብለው ከላይ ያስቀምጡታል፤ የካሊ ሠሪዎች ራሳቸው ለሊኑክስ ጀማሪ አይመክሩትም። ለቤት ሰው ሦስት አራት ዓይነት መሞከር በቂ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ እምነት ነው። ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል ማን እንደነካካው አታውቁም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ ሚንት 17.3 ሲናመን የሚወርድበት ሊንክ ለሰርጎ ገብ በር የተከፈተበት የተበከለ ቅጂ ወዳለበት ቦታ ተቀይሮ ነበር። በዚያ ቀን ያወረዱ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ለማያውቁት ሰው አሳልፈው ሰጡ። ሠሪዎቹ ወዲያው ደርሰውበት ሕዝቡን አስጠነቀቁ። በዓለም የታወቀ ድረ ገጽ ላይ ይህ ከሆነ፣ ከማን እጅ እንደወጣ የማይታወቅ ፍላሽ ላይስ ማን ያስጠነቅቃችኋል? በተለይ «ሁሉም ፕሮግራም ተጭኖበት ዝግጁ የሆነ» የሚባለውን ፍሩ። አንድ ሰው ከፍቶ የራሱን ነገር ጨምሮበታል ማለት ነው። የባንክ አፕና የቴሌብር መልእክት በምታዩበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይገባም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ ፋይል ሻ-256 የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ተጭናችሁ ያንኑ ድርድር ማውጣት ትችላላችሁ። ሁለቱን አስተያዩ። አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉን አጥፉት።

«መጥተን እንጭንላችኋለን» የሚለው ጥቅል ደግሞ ለብቻው ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ብዙዎቹ ጫኞች ጊዜ ለመቆጠብ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን መርጠው ያልፋሉ። ያ ማለት ሃርድ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ፎርማት ይሆናል፤ የልጆቹ ፎቶ፣ የእናት አባት ቪዲዮ፣ የሥራ ሰነድ አብሮ ይሄዳል። ዊንዶውሱ እንዳለ ሆኖ ሊኑክስን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፣ ግን ቦታ ከፋፍሎ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የበራበት ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ የማስነሻ ቅንብሩ ሲነካ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌላችሁ የራሳችሁን ፋይል ማየት አትችሉም። ማንም ሰው ኮምፒውተራችሁን ከመንካቱ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ከዚያም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ መከፈቱን እዩ።

ታዲያ እንዴት እንሞክር? ምንም ሳትጭኑ። አብዛኞቹ ለቤት የሚሆኑ ሊኑክሶች ከፍላሽ ላይ ተነስተው ይሠራሉ። «ትራይ» የሚለውን ስትመርጡ ሃርድ ዲስካችሁ አይነካም፤ ፍላሹን ነቅላችሁ ስታስነሱ ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ነው። እዚያው እያላችሁ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የስክሪኑን ብርሃን ፈትሹ። ላፕቶፑን ዘግታችሁ ክፈቱትና በትክክል ይነቃ እንደሆነ እዩ። ብሮድኮም ዋይፋይ ያላቸው ማሽኖች ላይ ኔትወርክ መጀመሪያ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ድራይቨሩ ለብቻው ይጫናል፣ ለዚያ ጊዜ የስልካችሁን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ማገናኘት ይሠራል። ከፍላሽ ሲሠራ ቀስ ይላልና በፍጥነቱ አትፍረዱበት።

ለዚህ ሁሉ 8 ጊጋባይት የሆነ ደህና ፍላሽ ይበቃል። ሚንት 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ይጠጋል። ሩፈስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ታዘጋጃላችሁ። ብዙ ዓይነት በአንድ ፍላሽ ከፈለጋችሁ ቬንቶይ አለ፤ አንዴ ፍላሹ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ የአይኤስኦ ፋይሎቹን (የየሊኑክሱን ሙሉ ቅጂ የያዙትን) መቅዳት ብቻ ነው። በ4,000 ብር የሚሸጡላችሁም ይህንኑ ነው። ሩፈስም ቬንቶይም ሲዘጋጁ ፍላሹ ላይ የነበረውን ያጠፋሉና ባዶ ፍላሽ ተጠቀሙ። የዳታ ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በሌሊት ጥቅል በቶረንት ማውረድ ይረዳል፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቆራረጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን ቀለል ያለውን የሚንት ዓይነት፣ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን ሞክሩ። 2 ብቻ ከሆነ አንቲኤክስ የሚባለው ይበልጥ ቀላል ሊኑክስ ይሻላል።

«አማርኛ ያለው ልዩ ሊኑክስ» ብለው ዋጋ የሚጨምሩም አሉ። አያስፈልግም። አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ሥርዓት ላይ ኤም17ኤን የሚለውን ስትጨምሩ አማርኛው ይመጣል፤ ድምፁን በላቲን ፊደል ስትመቱ በግዕዝ ፊደል ይጽፋል። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶችም ነጻ ናቸው።

ዳታውን ከፍሎ፣ ጊዜውን ሰጥቶ፣ ትክክለኛውን አውርዶ በደህና ፍላሽ ለሚሰጣችሁ ባለሙያ ግን ክፈሉት። የድካሙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የትኛው እትም እንደሆነና ከየት እንዳወረደው ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ፊታችሁም ሰክቶ ያስነሳላችኋል። ደረሰኝም ጠይቁ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። በቴሌግራም ገንዘብ አስልኮ በሞተረኛ የሚልክ ሻጭ ዘንድ ይህ የለም።

ፍላሹ አሁን እጃችሁ ላይ ያለ ሰዎች፣ ዛሬውኑ የራሳችሁን ፋይል ከላዩ አውጡና እየከፈታችሁ እዩ። የሚከፈተውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ በኤች2ቴስትደብልዩ ፈትሹት፤ ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ኤፍ3 አለ። ሙሉ ፍተሻው ሰዓታት ይወስዳል፣ ታገሡት። ቶሎ ማየት ከፈለጋችሁ ቫሊድራይቭ በደቂቃዎች ይናገራል። ውጤቱን ፎቶ አንሱት፣ የሻጩን ማስታወቂያና የከፈላችሁበትን የቴሌብር መልእክት አብራችሁ ያዙ፣ ከዚያ ገንዘባችሁን ጠይቁ። ከዚያ ፍላሽ ላይ የጫናችሁት ሊኑክስ ካለ ደግሞ ከሠሪው ድረ ገጽ በወረደ ቅጂ እንደገና ጫኑት፤ በዚያ ኮምፒውተር የተጠቀማችሁባቸውን የይለፍ ቃሎችም ከሌላ ማሽን ላይ ቀይሩ።