ለመቻል ሐኪም የቀረበ ምስጋና፣ ውሻ ላላችሁም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ውሻዬን መቻልን ላለፉት ስምንት ወራት ላከሙልኝ የእንስሳት ሐኪም በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብ፣ እንዲሁም የውሻቸው የቆዳ ወይም የአፍንጫ ቀለም ተለውጦ ግራ ለገባቸው የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ጥቆማ ለመስጠት ነው። ሐኪሙ ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በእሳቸው ፈቃድ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

መቻል የስድስት ዓመት የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ነው። ባለፈው ኅዳር ከሰል ይመስል የነበረው አፍንጫው መጀመሪያ አመድማ ሆነ፤ ቀጥሎም ከቀዳዳዎቹ ዳር እየተገፈፈ ሮዝ ቀለም አወጣ፣ ቅርፊትም ያዘ። በዚያው ሰሞን ነጣ ያለ የነበረው የሆዱና የብሽሽቱ ቆዳ ፀጉሩ ረግፎ ጠቆረ፣ ሲዳሰስም ወፍሮና ሻክሮ ተገኘ። በአንድ እንስሳ ላይ ጥቁሩ ሲነጣ ነጩ ደግሞ ሲጠቁር ማየት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ የደረሰበት ያውቀዋል።

ምክር ሰጪ አላጣሁም። አንድ ጎረቤቴ እከክ ነው ብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንድቀባው መከረኝ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሕክምና መስጫ የውሻውን ቆዳ በእጁ እንኳ ሳይነካ በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ አይቨርሜክቲን የተባለ የተባይ መድኃኒት ወጋልኝና ገንዘቡን ተቀበለኝ። ሚኒሶታ የምትኖረው እህቴ በበኩሏ የእሷ ላብራዶር አፍንጫ በየክረምቱ ደብዝዞ በበጋ እንደሚመለስ ነግራ አጽናናችኝ። ሁሉም በቅንነት ነበር፤ ስለ ወጊው ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

እኒህ ሐኪም በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ በሙያቸው ግን አንቱ የሚባሉ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን አንድም መድኃኒት ሳይሰጡን መለሱን። በቅድሚያ ከሆዱ ቆዳ በስለት ፍቀው ናሙና ወሰዱ፣ በማጣበቂያ ፕላስተርም ላዩን እየተጫኑ አነሱና ሁለቱንም በማይክሮስኮፕ አዩ። የእከክ ተባይ አልተገኘም፤ የተገኘው ብዛት ያለው የእርሾ ፈንገስና በፀጉሩ ሥር የቁንጫ ኩስ ነበር። ለካ ውሻው በቁንጫው ምክንያት ሲያክክና ሲልስ ከርሞ፣ ቆዳው ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ ፈንገሱ ተመችቶት ተራብቷል፤ ጥቁረቱም ራሱ በሽታው ሳይሆን የተቆጣ ቆዳ የሚያመርተው የሜላኒን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁር ቀለም፣ ክምችት ነው።

ወደ አፍንጫው ሲመጡ ደግሞ አጉሊ መነጽር አውጥተው ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ ‹‹ጋሼ፣ ቀለሙን ለጊዜው ይተዉትና ገጹን ይዩት›› አሉኝ። ‹‹የጤነኛ ውሻ አፍንጫ እንደ ሠፈራችን ኮብልስቶን በትንንሽ ጉብታዎች የተነጠፈ ነው፤ የመቻል ግን አስፋልት ሆኗል።›› ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ የማየውን ውሻ ሁሉ አፍንጫውን ሳላይ አላልፍም። የእህቴ ላብራዶር በብርድ ወቅት ቀለሙ ቢደበዝዝም ጉብታዎቹ አይነኩም፤ በዕድሜ ብዛት የሚደበዝዝ አፍንጫም እንዲሁ ነው። ገጹ ሲለሰልስ፣ ሲላጥና ሲቆስል ግን ምርመራ ያስፈልጋል። በማደንዘዣ ከአፍንጫው ቁራጭ ናሙና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ውጤቱም ዲስኮይድ ሉፐስ የተባለ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳ እንደ ባዕድ የሚያጠቃበት ሕመም መሆኑን አመለከተ። ጀርመን ሸፐርድ በዚህ ሕመም በተደጋጋሚ ከሚጠቁ ዝርያዎች አንዱ ሲሆን፣ ፀሐይም ታባብሰዋለች። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን፣ ያውም በበጋ፣ ቀኑን ሙሉ በቆርቆሮ አጥር ሥር ታስሮ ለሚውል ውሻ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው አፈርኩ።

ሕክምናው ከመድኃኒቱ ይልቅ የእኔን ልማድ መለወጥን የሚጠይቅ ሆነ። መቻል ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ከጥላ እንዳይወጣ ታዘዘ። ለአፍንጫው ታክሮሊመስ የተባለ ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ በጓንት ይቀባል፤ ቅባቱን የላከችልኝ ያቺው የሚኒሶታዋ እህቴ ናት። እንዳይልሰው ወዲያው ምግብ አቅርቤ አዘናጋዋለሁ። ሰዎች የሚቀቡትን የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለመጠቀም ስጠይቅ፣ ዚንክ ያለበት ከሆነ ውሻው ልሶ እንደሚመረዝበት ነግረው ከለከሉኝ። ሆዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ክሎርሄክሲዲንና ማይኮናዞል የተባሉ ጀርምና ፈንገስ የሚገድሉ መድኃኒቶች ባሉት ሻምፖ ይታጠባል፤ አረፋው 10 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ይህም በእኔ ጓሮ ትግል ነው። ለቁንጫው ውሻው ብቻ ሳይሆን መኝታውና ግቢውም ታከመ። የተቃጠለው ዘይት ቆዳ የሚያቃጥልና ሲላስም የሚመርዝ መሆኑን፣ አይቨርሜክቲንም እንደ ኮሊ ባሉ የእረኛ ውሾች ላይ በብዛት፣ በጀርመን ሸፐርድም ላይ አንዳንዴ በሚገኝ የዘር ለውጥ ምክንያት አንጎል ድረስ ዘልቆ ሊጎዳ እንደሚችል ያስረዱኝ ሌላውን ባለሙያ አንድ ቃል ሳይነቅፉ ነው።

ቁስሉ በሁለት ወር ውስጥ ደረቀ፤ ቅርፊቱ ረግፎ ጥቁረቱ ከመሐል ወደ ዳር እየተመለሰ ነው። በግራ ቀዳዳው ጫፍ ያለችው ሮዝ ጠባሳ ግን ላትጠፋ እንደምትችል ሐኪሙ ከመጀመሪያው ነግረውኛል፤ ሉፐሱም ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ እንጂ ድኗል ተብሎ የሚተው አይደለም። ሆዱ ላይ ፀጉሩ በቅሏል፣ ጥቁረቱ ግን እንዳሉት በመጨረሻ የሚለቅ ስለሆነ ገና አለ።

ቅሬታ ካለኝ አንድ ብቻ ነው፤ ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ቀጠሮም ከሳምንት በፊት አይገኝም። ስለዚህ ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሰዎች ከወዲሁ የውሻችሁን አፍንጫና ሆድ በቀን ብርሃን፣ ከአንድ ቦታና ከአንድ ርቀት በየሳምንቱ ፎቶ እያነሳችሁ አቆዩ። ከቀጠሮው በፊት ምንም ቅባት አትቀቡት፣ አትጠቡትም፤ ይህን ባለማወቄ እኔ አንድ ቀጠሮ አቃጥያለሁ።