«ማንኛውንም ዳይ ይይዛል» የሚባለውን የላሜራ ካቢኔ እንዳትገዙ

ቴክሳስም ሁኑ ኮሎራዶ፣ ያገለገለ ቀለሃ እቤታችሁ እንደገና ሞልታችሁ ጥይት የምትሠሩ ወገኖች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር የካቢኔ ማስታወቂያ አለ። ጥቁር ላሜራ፣ ሦስት መሳቢያ፣ አናቱ ላይ የዳይ መደርደሪያ። «ዳይ፣ ሼል ሆልደር፣ ፕራይመር፣ ባሩድ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ!» ይላል። ለአዲሶች፦ ዳይ ፕሬስ በሚባለው መጫኛ መሣሪያ ላይ ተጠምዝዞ ቀለሃውን ወደ ልኩ የሚመልስ ወይም አረሩን የሚያስገባ ብረት ነው፤ ሼል ሆልደር በሥራ ጊዜ ቀለሃውን ከሥሩ የሚይዝ ቁራጭ ብረት፣ ፕራይመር ደግሞ ባሩዱን የምትለኩሰው ትንሿ ቆብ። ዋጋው 189 ዶላር ነው፣ መላኪያው ለብቻ። ሊንኩን ልኮ ላስገዛ ሰው ኮሚሽን ስለሚከፈል ከሻጩ ይልቅ የኛው ሰዎች ናቸው የሚያሻሽጡት። ብዙዎቹ ዕቃውን በዓይናቸው አላዩትም። እኔ ጋራዤ ውስጥ አለ፤ ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) ይዤ የለካሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀዳዳው ልጀምር። የአር ሲ ቢ ኤስ፣ የሊ፣ የሆርናዲ፣ የሬዲንግ ዳዮች አብዛኞቹ የብሎን ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ነው፦ ውፍረቱ 7/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ። የአንዱ ፋብሪካ ዳይ በሌላው ፕሬስ ላይ የሚገጥመውም ለዚህ ነው። 7/8 ኢንች ወደ ሚሊሜትር ሲመለስ 22.2 ነው። የካቢኔው ቀዳዳ ግን ድፍን 22 ተብሎ የተበሳ ይመስላል፤ ቀለሙ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ጠቧል። አንዳንዱ ዳይ በመከራ ይገባል፣ ሌላው ጭራሽ እምቢ ይላል። በግድ ያስገባችሁት ዳይ ሲወጣ ጥርሱ መሀል የቀለም ፍርፋሪ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ያ ፍርፋሪ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ፕሬሳችሁ ነው። ሻጩን ጠይቄው «በሞረድ ትንሽ ይላጉት» ብሎ መለሰልኝ። 24 ቀዳዳ በሞረድ! ዕቃ ገዝቶ ሠራተኛ መሆን ይሉታል ይሄን።

ቀዳዳው ቢሰፋም ችግሩ አያልቅም። ቀለሃውን ወደ ልኩ የሚመልሰው ዳይ ከሥሩ ያገለገለ ፕራይመር የሚያወጣ ቀጭን መርፌ አለው። መደርደሪያው ከሥሩ በቂ ባዶ ቦታ ስላልተተወለት መርፌው ከወለሉ ላሜራ ጋር ይጋጫል፤ ክዳኑን በኃይል ከዘጋችሁት ይጎብጣል። አረር የሚያስገባው ዳይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። አናቱ ላይ ያለው ማስተካከያ ብሎን ከፍ ሲል ክዳኑ አይገጥምም። ባለ ማይክሮሜትሩ፣ አናቱ ላይ ረጅም መለኪያ ያለው ዳይ ከሆነማ አይታሰብም። ማስታወቂያው ላይ ክዳኑ ተዘግቶ የሚታየው ማስተካከያዎቹ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዘው ወደ ታች ስለወረዱ ነው፤ ፎቶውን አጉልታችሁ ተመልከቱት።

ይህ ደግሞ የመመቸት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ለአንድ አረርና ለአንድ ጠመንጃ ዳዩን አስተካክሎ፣ ማጥበቂያ ቀለበቱን ቆልፎ የሚያስቀምጠው በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ልክ ላይ እንዲያገኘው ነው። ካቢኔው እንዲዘጋ ብላችሁ ብሎኑን ባዞራችሁት ቁጥር ልኩ ይጠፋል። አረሩ ከልኩ አልፎ ወደ ቀለሃው ውስጥ ከገባ ግፊቱ ይጨምራል፣ በተለይ በሽጉጥ ጥይት ላይ። ማጥበቂያ ቀለበታቸው በብሎን የማይቆለፍ፣ በጎማ ቀለበት ብቻ የሚያዝ ዳዮች ካሏችሁ ደግሞ ከጠባብ ቀዳዳ እያወዛወዛችሁ ስታወጧቸው ቀለበቱ ራሱ ይዞራል።

የሼል ሆልደሩን መሳቢያ የነደፈው ሰው በሕይወቱ ቀለሃ ሞልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጉድጓዶቹ ላይ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ታትሟል፤ የማን ቁጥር እንደሆነ ግን አይናገርም። ፋብሪካዎቹ ቁጥር ሲያወጡ ተነጋግረው አላወጡም። 308 ዊንቸስተር ለሚባለው ጥይት የአር ሲ ቢ ኤሱ 3 ነው፣ የሊው 2፣ የሆርናዲው 1። ከዚህ የባሰው 16 ነው፤ በአር ሲ ቢ ኤስ 16 የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ነው፣ በሆርናዲ 16 ግን የ223 ሬሚንግተን ጠመንጃ ጥይት። የሁለቱም ፋብሪካ ዕቃ ያለው ሰው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለቱን ይከምራል ማለት ነው። በቁጥር ሳይሆን በጥይቱ ስም ቢከፋፈል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

ስፖንጁን በተመለከተ ለሂዩስተንና ለዙሪያዋ ሰዎች በተለይ ልናገር። መሳቢያዎቹ ውስጥ የተነጠፈው ስፖንጅ እንደ ዕቃ ማጠቢያው ዓይነት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው፤ እርጥበት ይስብና ይዞ ይቀመጣል። በእኛ ጋራዥ በጋው ካለፈ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኳቸውን ዳዮች ሳነሳ ስፖንጁ በነካበት በኩል ብቻ ቡናማ መስመር ተሠርቶባቸው ነበር፤ በላይ በኩል ያለው አካላቸው ግን ንጹሕ ነው። በውጭ የዛገ ይጸዳል። ቀለሃው የሚያልፍበት የውስጡ ግድግዳ ከዛገ ግን እያንዳንዱን ቀለሃ እየጫረ ነው የሚያወጣው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ሦስተኛው መሳቢያ የፕራይመር ነው ይላሉ። ከላሜራ የተሠራ፣ ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ ሲዘጋ አየር የማያስወጣ። ማስታወቂያው ላይ ፕራይመሮቹ ከማሸጊያቸው ወጥተው እንደ ምስር ተዘርግፈውበት ይታያሉ። እባካችሁ ይህን በፍጹም አታድርጉ! ፕራይመር የጠመንጃው መርፌ ሲመታው እንዲፈነዳ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ፋብሪካው እያንዳንዷን ለይቶ በትሪ የሚደረድራት ለውበት አይደለም፤ አንዷ ብትነሳ ሌሎቹን ተከታትላ እንዳታስነሳ ነው። ተዘርግፈው አንድ ላይ ሲሆኑ በአንድ ጊዜ ሊፈነዱ ይችላሉ፤ በተዘጋ ላሜራ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ላሜራው ራሱ ፍንጣሪ ይሆናል። ሳሚ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም ፕራይመር ከፋብሪካው ማሸጊያ ወጥቶ በጅምላ እንዳይቀመጥ አጥብቆ ይመክራል። የብሔራዊው እሳት መከላከያ ማኅበር 495ኛ ደንብ ደግሞ በመኖሪያ ቤት የሚቀመጠውን ፕራይመር በ10,000 ይገድበዋል፤ ጭስ አልባ ባሩድም በራሱ ማሸጊያ ሆኖ እስከ 20 ፓውንድ ነው። ከተማችሁ ከዚህ የጠበቀ ሕግ ሊኖረው ስለሚችል የሰፈራችሁን እሳት አደጋ ጠይቁ።

ለባሩድ ተብሎ የሚመጣው ግልጽ ጣሳም ያው ነው። ስም የለውም፣ መለያ የለውም። ባሩድ ከራሱ ዕቃ ወጥቶ ስሙ ከተረሳ መጣል ብቻ ነው መፍትሔው፤ «ይሄ እንኳ ያ ነው መሰለኝ» ብሎ የሚሞላ ሰው አጠገብ አልቆምም። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ቁልፍ የሌለው መሳቢያ ውስጥ ፕራይመርና ባሩድ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው?

ገንዘቡን በተመለከተ። ሻጩ መጀመሪያ በዜል (ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ ገንዘብ መላኪያው) ክፈሉኝ ይላል፣ «ለሐበሻ» የተባለ ቅናሽም የሚሰጠው በዜል ለከፈለ ብቻ ነው። በዜል የወጣ ገንዘብ እንደ ጥሬ ገንዘብ ቁጠሩት፤ ዕቃው እንደተባለው አልሆነም ብሎ የሚመልስላችሁ የለም። በኮሮና ዘመን ፕራይመር ከገበያ ሲጠፋ የሐሰት ድረ ገጾች ስንቱን ሰው የበሉት በዚሁ መንገድ ነበር። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ሂሳቡ የሰፈረበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከላችሁ ጀምሮ 60 ቀን አላችሁ፤ ቅሬታውን በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ለባንኩ አስገቡ። በፔይፓል ከሆነ 180 ቀን ነው። የካሊፐሩን ንባብ ከቀዳዳው ጋር አንድ ላይ ፎቶ አንሱ፣ ከጎኑ «ማንኛውንም 7/8 ዳይ ይይዛል» የሚለውን ማስታወቂያ አያይዙ። «ዕቃው አልተመቸኝም» ከማለት «እንደተገለጸው አይደለም» ማለት ይሻላል። መልሱልኝ ካላችሁ ሻጩ 20 በመቶ ይቆርጣል፣ የመመለሻ መላኪያውንም ከእናንተ ይጠይቃል፤ ላሜራ ነውና ክብደቱን አስቡት።

ታዲያ ዳዩን የት እናስቀምጠው ላላችሁኝ፦ አዲስ ሲገዛ በመጣበት ሳጥን። የሊ ክብ ፕላስቲክም ሆነ የአር ሲ ቢ ኤስ አረንጓዴ ሳጥን ሥራውን ይሠራል፤ ጎኑ ላይ የጥይቱን ስም በትልቁ ጻፉና እንደ መጽሐፍ ደርድሩት። ሳጥን የሌላቸው ዳዮች ካሏችሁ ከእንጨት መሸጫ የጥድ ጣውላ ግዙ፣ በትራፓኖ ባለ 1 ኢንች መብሻ ብሱት። ዳዩ ይገባል፣ ማጥበቂያ ቀለበቱ ከላይ ይይዘዋል። ጣውላውን ከሥሩ በእግር ከፍ አድርጉት፣ መርፌው እንዳይነካ። ኦክ እንጨት ግን ይቅርባችሁ፤ ከውስጡ የሚወጣው አሲድ ብረት ያዝጋል። ፒ ቪ ሲ ፕላስቲክም እንደዚሁ ነው። ዳዩን በዘይት በራሰ ጨርቅ አበስ አድርጋችሁ፣ አጠገቡ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣል ብታደርጉ ይበቃል። ከመሥራታችሁ በፊት ግን ዘይቱን ከውስጡ ማጽዳት አትርሱ። የካርባይድ ቀለበት ያላቸው የሽጉጥ ዳዮች እርስ በርስ እንዳይጋጩ ለያይታችሁ አስቀምጧቸው፤ ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ሲመታ ይሰነጠቃል።

ሻጩ ቅሬታ ሲበዛበት የሱቁን ስም ይቀይራል፤ ባለፈው ወር የነበረው ገጽ አሁን የለም። ፎቶዎቹ ግን አልተቀየሩም። የመካከለኛው መሳቢያ እጀታ ጠማማ ሆኖ የተሰካ ነው፣ ከኋላ ቀይ ፎጣ ይታያል፣ ከ24ቱ ቀዳዳ ዳይ የገባባቸው የፊተኞቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ይህን ፎቶ ካያችሁ የሱቁ ስም ምንም ይሁን ምን ያው ካቢኔ ነው፤ ሊንኩን ለላከላችሁ ሰው ይህን ጽሑፍ መልሳችሁ ላኩለት።