ባለሁለት ምንቃሩ አባ ኮዳ፦ ከ150–600 ሌንሴ ጋር አሥራ አንድ ወር

ሌንሱን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ፣ አንድ አባ ኮዳ አነሣሁ። በካሜራዬ ትንሽ ስክሪን ላይ ሲታይ እሰየው የሚያሰኝ ነበር። ማታ ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ ሳየው ግን ወፉ ሁለት ምንቃር አብቅሏል፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው እንደ ጥላ የተደረበበት። በመላጣው ላይ ያሉት ጥቂት ፀጉሮች እንኳን ጥንድ ጥንድ ሆነዋል። ያገለገለ ዕቃ መግዛቴን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ።

ሌንሱ ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር የሚስብ፣ ወደ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ነው። የምጠቀምበት ካሜራ መስታወት ያለው የቆየ ዓይነት ሲሆን የምስል መቀበያው ከሙሉው መጠን፣ ማለትም ከድሮው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ክፈፍ፣ 1.5 ጊዜ ያንሳል። የሌንሱን ስም የማልጠራው ከተበላሹብኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ የእርሱ ጥፋት ስላልነበሩ ነው። በስም የሚጠራ ጥፋተኛ ካለ ምርቃቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ ሌንሱን ሲሰጠኝ ፊቱ ላይ ፊልተር አስሮ «ይሄ ምርቃት ነው፣ ከጭረት ይጠብቅልሃል» አለኝ። አመስግኜ ወሰድኩ። ለሁለት ወር ያህል ቅንብሩን ስቀያይር፣ የሌንሱን ማያያዣ በጨርቅ ስወለውል፣ ካሜራውን ስወቅስ ኖርኩ። በመጨረሻ ፒያሳ ወዳሉ አንድ አዛውንት ካሜራ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሌንሱን ሳይነኩት የአባ ኮዳውን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ይህን ፊልተር አውልቀህ አንስተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ። መከላከያ ነው ብለውኝ…»

ደረጃው ላይ ወጣንና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ማስታወቂያ በ600 አነሣሁት፤ አንድ ጊዜ ከነፊልተሩ፣ አንድ ጊዜ ያለ ፊልተር። ከነፊልተሩ ባነሣሁት ላይ «ሲ» የምትለው ፊደል ሌላ ግራጫ «ሲ» አዝላለች። ያለ ፊልተር በተነሣው ላይ ግን ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፣ ርካሽ ፊልተር ሁለት ገጽታው እኩል ካልተስተካከለ ብርሃኑን በጥቂቱ ያጣምመዋል። በ150 ላይ ያቺ ጥመት አትታወቅም፤ በ600 ላይ ግን ሌንሱ ወፉን ሲያጎላ እርሷንም አብሮ ያጎላታል። የጠየቁኝ የሻይ ዋጋ ብቻ ነበር። ምርቃቱ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ የቡና ሲኒ ይቀመጥበታል፤ 95 ሚሊሜትር ስፋቱ ለዚያ ልክ ነው።

ችግሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

ኅዳር ላይ ደብረ ሊባኖስ ሄጄ ገና ጎህ ሲቀድ ጭላዳዎች ከገደሉ እስኪወጡ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ (ትራይፖድ) ተክዬ ጠበቅኩ። ብርሃኑ ትንሽ ስለነበር የሹተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/30 ሰከንድ ላይ ወርዷል። ካሜራው እንደ ድንጋይ ተተክሏል፤ ያም ሆኖ ምስሉ በመመልከቻው ውስጥ ቀስ እያለ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ለካ የሌንሱን የመንቀጥቀጥ መከላከያ አላጠፋሁትም። እጅ ሲንቀጠቀጥ ለማካካስ የተሠራ መሣሪያ ምንም በማይንቀጠቀጥበት ቦታ የሌለ መንቀጥቀጥ ያሳድዳል። አዳዲስ ሌንሶች ውስጥ ትራይፖድ ላይ መሆናቸውን የሚያውቁ አሉ፤ የእኔው አያውቅም። አጠፋሁትና መንሳፈፉ ቆመ።

ፎቶዎቹ ግን አሁንም ተደርበው መጡ። ልብ ብዬ ስመለከት የአንዱ ወንድ ጭላዳ ጎፈር ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ተደርቧል፤ ወደ ጎን ንጹሕ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ነገር ካሜራዬ ውስጥ መስታወቱ ነው። ፎቶ ሲነሣ ብድግ ብሎ ሲመታ፣ ረጅም ሌንስ በቀጭን ትራይፖድ ላይ እንደ ጅራፍ ይርገበገባል። መስታወቱን አስቀድሜ አስነሥቼ፣ በሁለት ሰከንድ ማዘግያ ሳነሣ ጎፈሩ አንድ አንድ ፀጉር ሆኖ ተለየ። በእጅ ስይዝ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፦ የሹተር ፍጥነቱ ከሌንሱ ርዝመት እንዳያንስ። 600 በ1.5 ሲባዛ 900 ይሆናል፤ ስለዚህ ከ1/1000 ሰከንድ በታች አልወርድም፤ አይኤስኦው (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) የፈለገውን ያህል ይውጣ። አይኤስኦው ወጥቶ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ በኮምፒውተር ይጸዳል፣ የተንቀጠቀጠ ግን አይጸዳም።

ለጥምቀት ጃንሜዳ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከሩቅ ቆሜ የድባቦቹን ጥልፍ ለማንሣት ሞከርኩ። ፍጥነቱ 1/2000፣ ፊልተር የለም፣ ፎከሱ ልክ ነው። የዲያቆናቱ ፊት ግን ውኃ ውስጥ ሆነው የሚታዩ ይመስላል። አከታትዬ ካነሣኋቸው አሥር ፎቶዎች ውስጥ እያንዳንዱ የተዛባው በየራሱ መንገድ ነው፤ በዚህ ነው ጥፋቱ የአየሩ መሆኑን ያወቅሁት። የጋለ መሬት ላይ የሚንተከተከውን አየር የሚያስተካክል ቅንብር የለም። ወይ መቅረብ ነው፣ ወይ በጠዋት መምጣት። አንድ ቀን በጋለ የመኪናዬ ኮፈን ላይ አሳልፌ ሳነሣም ይኸው ደርሶብኛል፤ ያን ዕለት ጥፋቱን ከራሴ ሌላ በማን ላላክክ?

የሌንሱ ድርሻ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፎከሱ ከወፉ ኋላ ካለው ሣር ላይ ማረፉ። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ትራይፖድ ላይ ሆኜ ደጋግሜ በማንሣት በካሜራው የፎከስ ማስተካከያ ሰባት ነጥብ ወደ ፊት ሳመጣው ተስተካከለ። ይህም ቢሆን የሌንሱና የካሜራው አለመጣጣም እንጂ የአንዱ ብቻ አይደለም፤ መስታወት የሌላቸውን ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ አይገጥማቸውም። ሁለተኛው በ600 ላይ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ትንሽ መለስለሱ ነው። ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ኤፍ 8 ላይ ሲሆን ይጠራል፤ ደመና ሲሆን ግን ኤፍ 8ን ከየት አመጣለሁ?

ባለፈው ወር ሐዋሳ ተመልሼ ሄድኩ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሐይቁን ሳታሞቅ። አንድ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ይዞ ወደ እኔ ዞረ። ማታ ሳጎላው ምንቃሩ ላይ የደረቀ ደም፣ ዓይኑ ውስጥ ደግሞ የቆምኩበት የድንጋይ ግንብ ይታያል። ምንቃሩ አንድ ነው።