ጣሳው ውስጥ የተገኘው አላድ

ቸርችል ጎዳና ላይ ከተደረደሩት የባህል ዕቃ ሱቆች ስለ አንዷ ነው የምጽፈው። ስሟን አልጠራም፤ ባለቤቱ ሰው ሲበዛባቸው ይነጫነጫሉ፣ እኔም ተሻሚ አልፈልግም። ከደጅ ሲያዩዋት ከጎረቤቶቿ አትለይም፦ የእንጨት መስቀል፣ የቆዳ ጋሻ፣ አቧራ የለበሰ በርጩማ። የድሮ ብር የሚፈልግ ሰው ግን እስከ ጓዳው ይዝለቅ።

ጠገራ፣ ማለትም የድሮ የብር ሳንቲም፣ መሰብሰብ የጀመርኩት አያቴ ከአንገቷ የማታወልቃትን ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባትን ጠገራ) ከወረስኩ በኋላ ነው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ያልገባሁበት ሱቅ የለም፣ ያልሰማሁት ውሸትም የለም። ትልቁ ውሸት «የ1780 ነው፣ ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» የሚለው ነው። እዚህ አገር የሚገኘው ማርትሬዛ ሁሉ ማለት ይቻላል በፈረንጅ 1780 ይላል! ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ላይ ቀኑ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሳይቀሩ ያንኑ ዓመት እየጻፉ መትተውታል። እዚህች ሱቅ ገብቼ «ጋሼ፣ የትኛው ነው አሮጌው?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ሚዛኑን እንጂ ዕድሜውን አልሸጥም» አሉኝ። ደንበኛ የሆንኩት ያን ቀን ነው።

መስታወቱ ውስጥ ያሉት ውድ ናቸው። አንድ ማርትሬዛ 4,500 ብር ብለውኝ ተከራክሬ 4,000 አድርሻቸዋለሁ፤ ከዚያ በታች ንቅንቅ አይሉም። የሚያናድደኝ ግን ዋጋው አይደለም። ሁሉንም በአመድና በሎሚ ፈትገው እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጯቸዋል። የተፈተገ ጠገራ ለሰብሳቢ የፊቱ ቆዳ እንደተገፈፈ ሰው ነው። ስንቴ ነገርኳቸው፣ «ቆሻሻ ማን ይገዛል?» ነው መልሳቸው። ደረሰኝም የለም፤ አምፖሉም አንድ ነው፣ እሱም የደከመ።

የራሳችሁን የኪስ ሚዛንና ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። አንዴ የምኒልክ ብር ብለው ያወጡልኝን ብመዝነው 21 ግራም ሆነ፤ እውነተኛው 28 ግራም ነው። ጠርዙን ሳዞረውም «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለው ጽሑፍ የለም። ማግኔት የማይስበው እውነተኛ ብር ነው፤ ይህን ግን ሳስጠጋው ጥብቅ! ጋሼ ፊታቸው ቀላ፣ ምንም ሳይሉ አንስተው መሳቢያ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ወዲህ መስታወቱ ውስጥ አላየሁትም።

አሁን ወደ ጣሳው። ከጠረጴዛው ሥር አሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር፤ የተሰበረ የጆሮ ጌጥ፣ የነተበ የአንገት መስቀል፣ የካፖርት ቁልፍ፣ አንዱ ከሌላው ተደባልቆ። የፈለጉትን ቢያነሱ ዋጋው 400 ብር ነበር። ባለፈው ጥር ዝናብ አይሉት ካፊያ ይዞኝ ገብቼ፣ እስኪያባራ እጄን ሰድጄ ሳማስል ጥቁር ክብ ነገር ወጣ። ማንጠልጠያ ጆሮ ተበይዶበታል። አንዷ እናት ማተቧ ላይ አስራው የኖረች መሆን አለበት፤ ጀርባው በልብስ ተፍቆ ልሟል። «እሱ ቁልፍ ነው» አሉ ጋሼ ቀና ሳይሉ። በአውራ ጣቴ ሳሸው ግን መጀመሪያ የአንበሳ ጅራት፣ ቀጥሎ «ሞዓ» የሚል ቃል ብቅ አለ። የምኒልክ አላድ! የብር ግማሽ፣ 14 ግራም፤ ከነጆሮው ትንሽ አለፍ አለ። የብሩ ክብደት ብቻ ቢሸጥ ከ400 ብር በብዙ ይበልጣል።

ልቤ እየመታ ከፈልኩ። ዝም ብዬ ልወጣ ነበር፣ ግን የአያቴ ማርትሬዛ አንገቴ ላይ ከብዶ መሰለኝ፣ ዞሬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አገላበጡት። መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «የተሸጠ ተሸጠ» አሉ። ሳቁ ደግሞ።

ከውጭ ለምትመጡ አንድ ነገር፦ ጥንታዊ ዕቃ ከአገር ለማውጣት የቅርስ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሱቁ ያንን አያወጣላችሁም። ቦሌ ላይ ከምትጨቃጨቁ ቀድማችሁ ጨርሱ።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ጣሳው ከጠረጴዛው ሥር የለም። መስታወቱ ላይ ወጥቶ፣ አጠገቡ አዲስ አጉሊ መነጽር ተቀምጧል። «ስንት ነው አሁን?» አልኳቸው።

«እንደ ዕቃው፣ ልጄ» አሉኝ።