ፈታኝ የደን መንገድ ለመፈለግ የትኛውን መግዛት ይሻላል? የወረቀት ካርታ፣ የስልክ መተግበሪያ እና የእጅ ጂፒኤስ ሲነጻጸሩ

ኮረብታማ በሆነ ደን ውስጥ ፎርዊል ድራይቭ መኪናውን የሚፈትንበት መንገድ የሚፈልግ ሰው ፍላጎቱ ከተራው መንገደኛ ጋር ተቃራኒ ነው። ተራው መንገደኛ ካርታ የሚገዛው አጭሩንና ለስላሳውን መንገድ ለማግኘት ሲሆን፣ እርሱ ግን የሚያድነው ሌላው የሚሸሸውን ቀጥ ያለ ዳገት፣ ጎርፍ የቦረቦረውን ቁልቁለትና ጅረት የሚያቋርጠውን ዱካ ነው። ለመኪና የሚሸጡት አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለመጀመሪያው ሰው በመሆኑ፣ በስክሪን ስፋትና በድምፅ መመሪያ ተማርኮ የገዛ ሰው ደኑ ውስጥ ሲገባ ባዶ አረንጓዴ መደብ ላይ የቆመች አንዲት ቀስት ብቻ ሲያይ ሊገረም አይገባውም። በዚህ ንጽጽር ዋናው መመዘኛ መሣሪያው «አሁን የት ነኝ» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሳይሆን፣ የመሬቱን ቅርጽ፣ በተለይም የከፍታ መስመሮችን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ ምን ያህል አጥርቶ ያሳያል የሚለው ነው።

ይህ መመዘኛ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ግንድ የጫነ ከባድ መኪና እንዲወጣበት የተቀየሰ የደን መንገድ የኮረብታውን ወገብ እየታከከ፣ ሰፋ ባለ ኩርባ እየተጠማዘዘ፣ ለዘብ ባለ ተዳፋት ይወጣል፤ በካርታ ላይም ከከፍታ መስመሮቹ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ይታያል። እንዲህ ያለው መንገድ ምንም ያህል ረጅምና ገለልተኛ ቢሆን፣ በደረቅ ወቅት ተራ መኪናም ሊያልፈው ይችላል። ለእሳት መከላከያ የተጠረገ መስመር ግን ብዙ ጊዜ የሸንተረሩን ጀርባ ይዞ ሽቅብና ቁልቁል ስለሚሄድ የከፍታ መስመሮቹን በቀጥታ ይቆርጣቸዋል፤ ፈላጊው ዓይኑን መጣል ያለበት እንዲህ ባሉት መስመሮች ላይ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው። መስፈርቱ 1:50,000 በሆነ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር በመሬት ላይ 50 ሜትር ነው፤ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ከሆነና መንገዱ በሚቆርጣቸው ቦታ መስመሮቹ በ2 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ ተዳፋቱ 20 በመቶ፣ ማለትም 11 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በ1 ሚሊ ሜትር ከተቀራረቡ ደግሞ 40 በመቶ ወይም 22 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ይህ እርጥብ ሸክላ አፈር ላይ ዝቅተኛውን ማርሽና ጥሩ ጎማን የሚጠይቅ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የሸንተረር መንገድ ውኃው ወዲያና ወዲህ ስለሚፈስለት ቶሎ ሲደርቅ፣ የሸለቆ መንገድ በተደጋጋሚ ጅረት ያቋርጣል፤ ፀሐይም ስለማያገኘው ጭቃው ይቆያል። ዳገት የሚፈልግ የመጀመሪያውን፣ ጭቃና ውኃ የሚፈልግ ሁለተኛውን ይምረጥ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ብዙዎች ጊዜው አልፎበታል የሚሉት የወረቀት ካርታ ለፍለጋው ሥራ ገና አልተሸነፈም። አንድ ሙሉ ሉህ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ሸንተረሮቹ፣ ሸለቆዎቹና በመካከላቸው የሚሻገሩት ቀጫጭን የሰረዝ መስመሮች በአንድ እይታ ይታያሉ፤ የስልክ ስክሪን ግን ወይ ዝርዝሩን አሳይቶ አካባቢውን ይደብቃል፣ ወይ አካባቢውን አሳይቶ ቀጫጭኖቹን ዱካዎች ይሰውራል። በእርሳስ ማክበብ፣ ከተጓዙ በኋላም ጠርዙ ላይ ማስታወሻ መጻፍ የሚሰጠውን ጥቅም ምንም መተግበሪያ በቅጡ አልተካውም ማለት ይቻላል። ምርጫ ካለ 1:25,000 መስፈርት ያለው ካርታ ይሻላል፤ 1 ሴንቲ ሜትሩ 250 ሜትር ብቻ ስለሆነ አጫጭር ቁልቁለቶች አይጠፉበትም። ድክመቱ ዕድሜው ነው። በሉሁ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን የቅየሳ ዓመት ሳያዩ መግዛት አይገባም፤ ከ20 ዓመት በፊት በተቀየሰ ካርታ ላይ ያለ ዱካ ዛሬ ዛፍ በቅሎበት ሊሆን ይችላልና። ይህ ግን ለዚህ ፈላጊ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ አዲሱ ካርታ የተወውን አሮጌ የእንጨት ጫኝ ዱካ የሚያሳየው አሮጌው ሉህ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የስልክ መተግበሪያ ከሦስቱ በገንዘብ ልክ ብዙ የሚሰጠው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ለመግዛት ለተገደደ ሰው የምመክረውም ይኸው ነው። ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት እንጂ በስልክ ኔትወርክ ስላልሆነ፣ ካርታው አስቀድሞ ከተጫነ መተግበሪያው ኔትወርክ በሌለበት ደን ውስጥም ያገለግላል። ኦስማንድ እና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት መተግበሪያዎች ካርታቸውን የሚያገኙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ከተጀመረውና በበጎ ፈቃደኞች ከሚሞላው ኦፕንስትሪትማፕ ሲሆን፣ ሁለቱም የከፍታ መስመሮችን ያለ ኢንተርኔት ማሳየት ይችላሉ። በዚያ ካርታ ላይ የገጠርና የደን ዱካዎች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይመደባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ደረጃው የሚናገረው ስለ መንገዱ ወለል ጥንካሬ እንጂ ስለ ዳገቱ አይደለም። ደረጃ 5 ሜዳ ላይ ያለ ለስላሳ የሣር ዱካ ሊሆን ይችላል፤ ደረጃ 2 ደግሞ ኮረኮንች የለበሰ፣ ልብ የሚያርድ ቁልቁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደረጃው ከከፍታ መስመሮቹ ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት።

መስመሮቹ ራሳቸው ከየት እንደመጡም ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት የከፍታ መረጃ መሠረቱ በየካቲት 2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞዋ በራዳር የለካችው ነው። ከፍታቸው የተለካው ነጥቦች እርስ በርስ የሚራራቁት 30 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ራዳሩ ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ የለካው መሬቱን ሳይሆን ወደ ዛፎቹ አናት የተጠጋ ከፍታን ነው። በዚህ የተነሳ 15 ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ የጅረት ሸለቆ በስክሪኑ ላይ ለጥ ያለ መስሎ ሊታይ፣ ደን የተመነጠረበት ጠርዝ ደግሞ የሌለ ገደል ሊመስል ይችላል። ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ፣ ሊዳር የሚባለው መረጃ በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ መሬቱን ስለሚያገኝ ይህ ችግር የለበትም፤ በጥላ ተስሎ ሲታይም ከዛፍ ሥር የተደበቁ አሮጌ ዱካዎችን እንደ ጠባሳ ያወጣቸዋል። አንድ የሚከፈልበት መተግበሪያ ለሚፈለገው አካባቢ የሊዳር ሥዕል የሚሰጥ ከሆነ፣ ዓመታዊ ክፍያው የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። የሳተላይት ፎቶግራፍ ግን ለዚህ ሥራ ከሚወራለት በታች ነው፤ ለምሳሌ በነፃ የሚገኘው የሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስል አንዱ ነጥብ በመሬት ላይ 10 ሜትር በመሆኑ፣ ዛፍ የጋረደውን 3 ሜትር ስፋት ያለው ዱካ ከእርሱ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ስልኩ እንደ ዕቃ ሦስት ድክመቶች አሉት። ከመስተዋቱ ሥር ፀሐይ ላይ ሲሰካ ይግላል፤ አፕል ለአይፎንና ለአይፓድ የሚያስቀምጠው የአካባቢ ሙቀት ወሰን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ይህን ማለፍ ቀላል ነው። ስክሪኑ ሲረጥብ ወይም ጣት ጭቃ ሲይዝ አይታዘዝም። ባትሪውም መንገድ እየመዘገበ ሲውል ስለሚያልቅ፣ አስተማማኝ ቻርጀር ከመኪናው ጋር መኖር አለበት። ሰፋ ያለ ስክሪን ፈልጎ ታብሌት የሚገዛ ደግሞ ይጠንቀቅ፤ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው አይፓድ የጂፒኤስ መቀበያ የለውም፤ መቀበያው ያለው ሲም በሚወስደው ዓይነት ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ ርካሹን ገዝቶ ደን ጫፍ ላይ ደርሶ መረዳት የሚያናድድ ነገር ነው።

ራሱን የቻለው የእጅ ጂፒኤስ ዋጋው ከፍ የሚለው ስልኩ በሚደክምበት ቦታ ላይ ስለሚበረታ ነው። ለምሳሌ የጋርሚን ጂፒኤስማፕ 67 በቁልፍ ስለሚታዘዝ በጓንትም በጭቃ እጅም ይሠራል፤ ባትሪውም በአምራቹ አገላለጽ እስከ 180 ሰዓት ይቆያል። ነገር ግን ስክሪኑ 3 ኢንች ብቻ በመሆኑ፣ በሚናጥ መኪና ውስጥ የከፍታ መስመር ለማንበብ አይመችም። የዚያው አምራች ሞንታና 700 ባለ 5 ኢንች ስክሪን ስለሆነ ለመኪና ይቀርባል። የሳተላይቱን ምልክት በሁለት የሬዲዮ ድግግሞሽ የሚቀበሉ መሣሪያዎች ከግንድና ከገደል ግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ምልክት ከቀጥተኛው ለይተው ለማወቅ ስለሚቀላቸው ጥላ በበዛበት ሸለቆ የተሻለ ቦታ ይሰጣሉ፤ ሆኖም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ ይህ ችሎታ በስልኮችም ላይ እየገባ ስለመጣ፣ ለትክክለኛነት ብቻ ብሎ የእጅ ጂፒኤስ መግዛት ድሮ የነበረውን ያህል አሳማኝ አይደለም። የሚያሳምነው ብዙ ቀን ከኔትወርክና ከቻርጀር ርቆ ለሚቆይ፣ ወይም ከመኪናው ወርዶ ዱካውን በእግሩ ለሚሰልል ሰው ነው፤ ደህና የሆነ ፈላጊ ደግሞ ያልታወቀ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት በእግሩ ይወርደዋል።

ከሦስቱ አንዳቸውም የማይመልሱት ጥያቄ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ የሚለው ነው። የወደቀ ዛፍ፣ የተዘጋ በር፣ በዝናብ ወቅት የሚወጣ ክልከላ በመስመሩ ላይ አይታዩም፤ በካርታ ላይ መስመር መኖሩም የማለፍ መብት አለ ማለት ስላልሆነ ደኑን የሚያስተዳድረውን አካል መጠየቅ የግድ ነው። ሌሎች ነጂዎች የመዘገቡትና ጂፒኤክስ በሚባለው የፋይል ዓይነት የሚያካፍሉት ጉዞ በከፊል ይረዳል፤ ፋይሉ የሰዓት ምዝገባ ካለበት፣ ነጂው 300 ሜትር ለማለፍ 40 ደቂቃ የፈጀበት ቦታ ፈታኙ ስፍራ መሆኑን ማንም ሳይነግረው አንባቢው ይረዳል። ምሳ በልቶበት ካልሆነ በቀር። ስለዚህ የሚገዛው መሣሪያ ጂፒኤክስ ፋይል ያለ ውጣ ውረድ የሚቀበልና የሚያወጣ መሆን አለበት፤ መረጃውን በራሱ ዓይነት ብቻ ቆልፎ የሚይዝ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ይቅር።

ለስልኩም ለእጅ ጂፒኤሱም ክፍያ ከመፈጸም በፊት የሚደረግ አንድ ሙከራ አለ። የሚታወቅ ኮረብታ ያለበት አካባቢ ካርታ ይጫን፣ ከዚያ ስልኩ በአውሮፕላን ሁኔታ (ኤርፕሌን ሞድ) ላይ ይደረግ፣ መሣሪያው ይጥፋና እንደገና ይብራ። ከኔትወርክ እርዳታ ውጭ የመጀመሪያው ቦታ ፍለጋ ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል መታገስ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የከፍታ መስመሮቹ ቁጥራቸው ሳይደበዝዝ ከታየና አንድ ነጥብ ሲነካ የዚያ ነጥብ ከፍታ ከተነበበ መሣሪያው ለደኑ ይሆናል፤ አረንጓዴ መደብና ቀስት ብቻ ከቀረ ግን ለከተማ መንገድ የተሠራ ነውና በመደርደሪያው ላይ ይቆይ።